ልዋጭ ለግራፊክስ ካርድ፦ ጨምሮ የመለወጥ ስምምነት እንዴት ይሠራል?



ከተማ ያደገ ሁሉ የ«ልዋጭ!» ጥሪን ያውቃል። ሳህንና ብርጭቆ ተሸክመው ሰፈር ለሰፈር የሚዞሩት ልጆች አሮጌ ልብስና ጫማ ተቀብለው በምትኩ ዕቃ ይሰጣሉ። እናቶቻችን ደጃፍ ላይ ቆመው «ይሄ ኮት እኮ ገና አዲስ ነው፤ አንድ ሳህን ጨምር!» እያሉ ይከራከራሉ። ክርክሩ ሁልጊዜ በአንድ ነገር ላይ ነው፤ አሮጌው ዕቃ ዛሬ ስንት ያወጣል? ኮቱ ሲገዛ ስንት እንደተከፈለበት ልዋጩ መስማት አይፈልግም።

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ሌላ ዓይነት ልዋጭ ነው፤ አሮጌውን ዕቃ ዛሬ በሚያወጣው ሳይሆን በተገዛበት ሙሉ ዋጋ ስለሚቀበል ልዋጭ። ዕቃው ግራፊክስ ካርድ ነው። ርዕሱ የኮምፒውተርና የኤሌክትሪካል ልጆች ብቻ እንዳይመስላችሁ። ውጭ ሀገር ያለ ዘመድ ዕቃ የሚልክለት ሰው ሁሉ የሚይዘው ነገር አያጣም።

እንድጽፍ ያነሣሣኝ የራሴ ጥፋት ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። ባለፈው ዓመት ለመመረቂያ ፕሮጀክቴ የቡና ቅጠል በሽታን ከፎቶ የሚለይ ፕሮግራም መሥራት ጀመርኩ። እንዲህ ያለውን ሥራ በፕሮሰሰር ብቻ ለማሠልጠን ቀናት ይፈጃል፤ በግራፊክስ ካርድ ግን በሰዓታት ያልቃል። ቨርጂኒያ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ይህን ሲሰማ ስንት ቅዳሜና እሑድ ተጨማሪ ሰዓት ሠርቶ 6 ጊጋባይት ሜሞሪ ያለው ካርድ ገዛልኝ። ወደ ሀገር ቤት የሚመጣ ሰው እስኪገኝ ካርዱ እዚያው ከአንድ ወር በላይ ቆየ። እጄ ሲገባ ከመርካቶ በገዛሁት ያገለገለ ዴስክቶፕ ላይ ገጠምኩትና ቢስሚላህ ብዬ ኮዱን አስነሣሁ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ «ሜሞሪ አልቋል» የሚል መልእክት አውጥቶ ቆመ። ደጋግሜ ሞከርኩ፤ ያው ነው።

ማንንም ሳላማክር «ይህ ካርድ አይበቃም» ብዬ ወሰንኩ። ደወልኩና «ወንድም ጋሼ፣ ጨምረን በሌላ መለወጥ አይቻልም?» አልኩት። ጠየቀልኝ። የሱቁ የመመለሻ ቀን አልፏል። ካርዱን የሠራው ድርጅት ደግሞ እንዲህ ያለ አሠራር የለውም። ቢኖረውም ኖሮ ሳጥኑ «ሻንጣ ያጣብባል» ተብሎ እዚያው ተጥሏል፤ ደረሰኙም የት እንደገባ አይታወቅም። በመጨረሻ ካርዱን እዚሁ አዲስ አበባ ከተገዛበት በብዙ ዝቅ ባለ ዋጋ ሸጥኩት። ልጆች ሳስጠና ካጠራቀምኩት ጨምሬ 12 ጊጋባይት ያለው ያገለገለ ካርድ ገዛሁ። ወንድሜ አንድም ቃል አልተናገረኝም፤ ቢናገረኝ ይሻለኝ ነበር። የባሰው ሐፍረት ግን በኋላ ነው የመጣው። እሱን ወደ መጨረሻው እነግራችኋለሁ።

ያን ሰሞን ከእኛ በፊት የተመረቀ አንድ ወንድም ነገሩን ሰምቶ «ቀድሞ ቢሆን እኮ ይህን በደንብ የሚያደርግ ድርጅት ነበረ» አለኝ። ስለ ስቴፕ-አፕ የሰማሁት ያኔ ነው።

ስቴፕ-አፕ

በመጀመሪያ ካርዱን ማን እንደሚሠራው እንለይ። ኤንቪዲያ ቺፑን ይነድፋል። ቺፑን ሰሌዳ ላይ ገጥመው፣ ማቀዝቀዣውን አበጅተው፣ በራሳቸው ስም አሽገው የሚሸጡት ግን በአብዛኛው ሌሎች ድርጅቶች ናቸው፤ ኤሱስ፣ ኤምኤስአይ፣ ጊጋባይት የመሳሰሉት። (ጊጋባይት እዚህ የድርጅት ስም ነው፤ ከሜሞሪ መለኪያው ጋር አይምታታባችሁ።) ኢቪጂኤም ከእነዚህ አንዱ ነበር። በ1999 በካሊፎርኒያ የተቋቋመ ሲሆን የሚሸጠው የኤንቪዲያ ቺፕ ያለባቸውን ካርዶች ብቻ ነበር። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የኢቪጂኤ ስምምነት ባጭሩ እንዲህ ነበር። ካርድ ከገዛችሁ ቀን ጀምሮ 90 ቀን አላችሁ። በእነዚህ ቀናት ውስጥ የተሻለ ካርድ ከወጣ ወይም «ትልቁን ብገዛ ይሻል ነበር» ካላችሁ ለድርጅቱ ታመለክታላችሁ። የከፈላችሁት ዋጋ ሙሉ በሙሉ ይያዝላችኋል፤ ድርጅቱ ለአዲሱ ካርድ ካወጣው ዋጋ ላይ ይቀነሳል፤ እናንተ ልዩነቱን ብቻ ትከፍላላችሁ። ታክስና የማጓጓዣ ወጪ በዚህ ስሌት ውስጥ አይገባም። ቅናሽ አግኝታችሁ ከሆነም የሚያዝላችሁ ከቅናሹ በኋላ በእርግጥ ከኪሳችሁ የወጣው ነው።

ተመሳሳይ ነገር ያደረገ ሌላም ነበር፤ ቢኤፍጂ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት 100 ቀን ይሰጥ ነበር። እሱ ግን በ2010 ከግራፊክስ ካርድ ሥራ ወጣ።

የስምምነቱ ጥቅም የሚገባው በቁጥር ሲታይ ነው። በ2016 የወጣው ጂቲኤክስ 1080 መነሻ ዋጋው 599 ዶላር ነበር። እስኪ አንድ ተማሪ በጃንዋሪ 20 ቀን 2017 በዚሁ ዋጋ ገዛ እንበል። በፌብሩዋሪ 28 ኤንቪዲያ ጂቲኤክስ 1080 ቲአይን በ699 ዶላር አስተዋወቀ፤ በማርች 10 ገበያ ላይ ዋለ። በዚያው ማስታወቂያ የነባሩ 1080 ዋጋ ወደ 499 ወረደ።

እንግዲህ ተማሪው ካርዱን በገዛ በሰባት ሳምንቱ አንድ መቶ ዶላር ከእጁ በነነ። ልሽጥ ቢል አዲሱ በ499 እየተሸጠ ያገለገለውን በዚያ ዋጋ የሚገዛው የለም። 430 አገኘ ብንል፣ ወደ 1080 ቲአይ ለመድረስ 269 ዶላር መጨመር አለበት። በስቴፕ-አፕ ግን ስሌቱ 699 ሲቀነስ 599 ነው፤ አንድ መቶ ዶላርና የማጓጓዣ ወጪ። የገበያው ዋጋ መውረድ እሱን አይነካውም።

በዚህ መቶ ዶላር ያገኘውንም እንይ። 1080 የነበረው 2560 ኮርና 8 ጊጋባይት ሜሞሪ ነው፤ 1080 ቲአይ 3584 ኮርና 11 ጊጋባይት። በሰከንድ ከሜሞሪ የሚያነበው 320 ጊጋባይት የነበረው 484 ሆነ። ለእኛ ዓይነት ሥራ ይህ ቀላል ለውጥ አይደለም።

ሌላ ምሳሌ ከ2019፦ አርቲኤክስ 2060 በጃንዋሪ በ349 ዶላር ወጣ፤ ሜሞሪው 6 ጊጋባይት ነው። በጁላይ 2060 ሱፐር በ399 መጣ፤ 8 ጊጋባይት ይዞ። በሜይ ወይም በጁን የገዛ ሰው 50 ዶላር ጨምሮ ሁለት ጊጋባይት ያገኛል። በጃንዋሪ፣ ገና እንደወጣ ተሻምቶ የገዛው ግን ቀኑ አልፎበታል።

ቁም ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ስቴፕ-አፕ ስጦታም ቅናሽም አልነበረም። ከገዛችሁ በኋላ ባሉት 90 ቀናት ውስጥ ዕቃችሁ በድንገት «አሮጌ» ቢሆን ኪሳራውን ከእናንተ ላይ የሚያነሣ መተማመኛ ነበር።  ግን ቀኑን ካልቆጠራችሁ ዋጋ የለውም። 1080ን በዲሴምበር 5 ቀን 2016 የገዛ ሰው 90ኛ ቀኑ ማርች 5 ላይ ያልቃል፤ አዲሱ ካርድ ሱቅ የገባው ማርች 10 ነው። በአምስት ቀን!

ሰው የሚሰናከልባቸው ቦታዎች

ማመልከቻው ራሱ ከባድ አልነበረም። የካርዱን ሴሪያል ቁጥር በስማችሁ ታስመዘግባላችሁ፤ የግዢውን ደረሰኝ ታያይዛላችሁ፤ የምትፈልጉትን ካርድ መርጣችሁ ወረፋ ትይዛላችሁ። ተራችሁ ሲደርስ ልዩነቱን ትከፍላላችሁ፤ አሮጌውን በራሳችሁ ወጪ ትልካላችሁ፤ ድርጅቱ ተቀብሎ ካየው በኋላ አዲሱን ይልክላችኋል። መላኩም መቀበሉም በእናንተ ሒሳብ ነው። በመሀል ያሉትን ቀናት ያለ ካርድ ትቆያላችሁ። የፕሮጀክት ማስረከቢያ ሳምንት ላይ ያለ ተማሪ ይህን ማሰብ ነበረበት።

ብዙ ሰው የወደቀው በደረሰኙ ነው። መብቱ የመጀመሪያው ገዢ ብቻ ነበር። ከሰው እጅ የተገዛ ያገለገለ ካርድ፣ ሳጥኑ ቢኖርም፣ አይገባም። የተገዛውም ድርጅቱ ከሚያውቀው ሻጭ መሆን ነበረበት። ወደ እኛ ሁኔታ ስናመጣው፣ ዘመድ አሜሪካ ገዝቶ ለእኛ የላከው ካርድ ባለቤቱ በወረቀት ዘመዳችን ነው። አገልግሎቱም የሚሰጠው እንደ አሜሪካ፣ ካናዳና የአውሮፓ ሀገራት ላሉ ደንበኞች ነበር። ስለዚህ ካርዱ አንዴ ቦሌን ካለፈ በኋላ መልሶ መላኩ፣ ከጊዜውና ከወጪው አንጻር፣ የሚያዋጣ አይደለም። ለእኛ ቢጠቅም እንኳ የሚጠቅመው ዕቃው እዚያ ዘመድ ቤት ሳለ ነበር፤ ሰው እስኪገኝ ብሎ ሻንጣ በሚጠብቅባቸው ሳምንታት። የእኔ ካርድ ያን ሁሉ ጊዜ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ነበር። እኔም ያን ሁሉ ጊዜ ምን ያህል ሜሞሪ እንደሚያስፈልገኝ ለማወቅ አንድ ሰዓት አልሠዋሁም።

ከዚያ ደግሞ ኮምፒውተሩ ራሱ አለ። 1080 የሚፈልገው 180 ዋት ነው፤ 1080 ቲአይ 250። ኤንቪዲያ ለመጀመሪያው 500 ዋት፣ ለሁለተኛው 600 ዋት ፓወር ሰፕላይ ይመክር ነበር። አንድ መቶ ዶላር ብቻ ጨምሬ ከፍ አልኩ ያለ ሰው ፓወር ሰፕላይም መግዛት ሊኖርበት ይችላል። እኛ ጋ ያገለገሉ የቢሮ ዴስክቶፖች ብዙ ጊዜ ይዘው የሚመጡት ከዚህ በጣም ያነሰ ነው። ልዩነቱን ስትሰሉ እነዚህንም አስገቡ።

ወረፋውም ሁልጊዜ አጭር አልነበረም። በሴፕቴምበር 2020 አርቲኤክስ 3080 በ699 ዶላር ሲወጣ በዓለም ላይ የካርድ እጥረት ተፈጠረ። ወረርሽኙ ሰውን ቤት አውሎታል፤ ክሪፕቶ የሚቆፍሩትም ካርዱን በገፍ ይገዙ ነበር። ነጋዴ በእጥፍ ሲሸጥ ስቴፕ-አፕ ድርጅቱ ባወጣው ዋጋ ይሰጥ ስለነበር ሰው ሁሉ እዚያ ተሰለፈ። ወራት የጠበቁ ብዙ ናቸው።

ይህ ሪባ አይሆንም?

መድረሳ የተቀመጠ ሰው «አንድ ዓይነት ዕቃ በአንድ ዓይነት ዕቃ፣ ጭማሪ ተከፍሎበት» ሲባል ጆሮውን ማቆሙ አይቀርም። እኔም መጀመሪያ ስሰማ ትዝ ያለኝ የቢላል (ረ.ዐ) ተምር ነው። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ ቢላል ጥሩ ተምር ለማግኘት ሁለት ቁና መናኛ ተምር በአንድ ቁና ጥሩ ተምር ለወጡ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይህ ራሱ ሪባ መሆኑን ነግረው፣ መናኛውን መጀመሪያ በገንዘብ እንዲሸጡ፣ በገንዘቡም ጥሩውን እንዲገዙ አመላከቷቸው። እናቶቻችን ወርቅ ቤት ገብተው አሮጌ ቀለበት ሰጥተው፣ ጨምረው፣ አዲስ ይዘው ሲወጡ ኡስታዞቻችን የሚያስጠነቅቁትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ጥያቄውን ይዤ መድረሳ ወዳስተማሩን ኡስታዝ ሄድኩ። ፈገግ አሉና «ካርዱ ይበላል? ወይስ ገንዘብ ነው?» አሉኝ። ከዚያ ተቀምጠው አስረዱኝ። ዑባዳ ኢብኑ ሳሚት (ረ.ዐ) ባስተላለፉት ሐዲስ የተጠቀሱት ስድስት ነገሮች ናቸው፤ ወርቅ፣ የብር ማዕድን፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ ተምርና ጨው። በሻፊዒይ መዝሀብ የሁለቱ ምክንያት ዋጋ መሆናቸው ነው፤ የአራቱ ምክንያት ምግብነት። ግራፊክስ ካርድ ከሁለቱም የለበትም። ስለዚህ ዋጋው የታወቀና ሁለቱም ወገን የተስማማበት እስከሆነ ድረስ ጨምሮ መለወጡ በመሠረቱ ሽያጭ ነው።

ነገር ግን ሁለት ነገር አከሉልኝ። አንደኛው፣ ልዩነቱን ወለድ በሚያስከፍል የባንክ ካርድ ከፍለህ በየወሩ ከነወለዱ የምትመልስ ከሆነ፣ ከልውውጡ ያመለጥከውን ሪባ በክፍያው ታገኘዋለህ። ሁለተኛው ዐይብ ነው። ካርዱን ከመጠኑ በላይ አስጋልበኸው፣ ወይም ማቀዝቀዣውን ፈተህ አበላሽተኸው፣ አፍህን ዘግተህ ብትመልሰው ማታለል ነው፤ የምትመልሰው ሰፈርህ ላለ ሰው ይሁን ባሕር ማዶ ላለ ድርጅት ልዩነት የለውም። እኔ አሮጌውን ካርድ ስሸጥ አንዱ ማራገቢያ ትንሽ ይንጫጫ ነበር። ለገዢው ተናገርኩ፤ ዋጋ ቀነሰብኝ። አልሐምዱሊላህ፣ ከዚያ ታሪክ ውስጥ የማልጸጸትበት ይህ ብቻ ነው።

ድርጅቱስ ምን ይጠቀማል?

አንድ ነጋዴ 499 የሚያወጣ ዕቃ በ599 ለምን ይቀበላል? እኔን እንደ ኢንጂነር የሳበኝ ይህ ነው። አንደኛ፣ 90 ቀኑን ቆጥሮ፣ ደረሰኙን አስቀምጦ፣ ሁለት ጊዜ ማጓጓዣ ከፍሎ የሚለውጥ ሰው ከገዢዎች ሁሉ ጥቂቱ ነው። ብዙው ሰው መብቱን ይዞ ይረሳዋል። ሁለተኛ፣ «አሁን ብገዛ ነገ አዲስ ይወጣል» ብሎ የሚያመነታ ገዢ ዛሬ እንዲገዛ ያደርገዋል። አዲስ ትውልድ ሊወጣ ሲል ገበያ ይቀዘቅዛል፤ ስቴፕ-አፕ ያን ወቅት ያሻግር ነበር። ሦስተኛ፣ የተመለሰው ካርድ አይጣልም። ተፈትሾና ተጠግኖ «ቢ-ስቶክ» በሚል ስም፣ አጠር ባለ ዋስትና፣ በቅናሽ ይሸጥ ነበር። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ደንበኛው ከእነሱ ጋር ይቆያል፤ ስቴፕ-አፕን የተጠቀመ ሰው ቀጣዩን ካርድ ከሌላ አይገዛም።

ሆኖም የዋጋ መውረዱን ሸክም የተሸከመው ዋጋውን የሚወስነው አካል አይደለም። ዋጋውን የሚወስነው፣ አዲስ ቺፕ የሚወጣበትንም ቀን የሚያውቀው ኤንቪዲያ ነው። ኢቪጂኤ በሴፕቴምበር 2022 ከግራፊክስ ካርድ ሥራ መውጣቱን አሳወቀ። የገቢው ትልቁ ክፍል ከዚሁ ሥራ ሆኖ ሳለ ነው የተወው። የድርጅቱ ሰዎች ከሰጧቸው ምክንያቶች ውስጥ የቺፑን ዋጋ እስከ መጨረሻው ሰዓት አለማወቃቸው፣ ከአንድ ካርድ የሚያተርፉት እጅግ መቅጠኑና ኤንቪዲያ በራሱ ስም በሚሸጣቸው ካርዶች ከእነሱ ጋር መፎካከሩ ይገኙበታል። ስቴፕ-አፕ ለውድቀቱ ምክንያት ነበር ማለቴ አይደለም። ትርፉ ሰፊ ሳለ ለደንበኛ የሚሰጥ ቃል፣ ትርፉ ሲቀጥን ከባድ መሆኑ ግን ግልጽ ነው።

አሁን «ግራፊክስ ካርዳችሁን አምጡና በአዲስ ለውጡ» የሚል ሻጭ ስታገኙ ሁለት ነገር ለዩ። በ2023 ኒውኤግ የተባለው የአሜሪካ የኦንላይን ሻጭ አሮጌ ካርድ ተቀብሎ ለአዲስ ግዢ የሚያዝ አሠራር ጀምሯል። እዚህ የሚያዝላችሁ ግን ሻጩ ለአሮጌው ዛሬ የሚሰጠው ግምት እንጂ የገዛችሁበት ዋጋ አይደለም። ሰፈር የሚዞረው ልዋጭ ማለት ነው። ክፉ አይደለም፤ ገዢ ፍለጋ ከመንከራተት ያድናል። ግን ስሙ ስለተመሳሰለ ስቴፕ-አፕ ነው ብላችሁ እንዳትቀበሉት። መጀመሪያ የምትጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፦ «የምትይዙልኝ በደረሰኜ ዋጋ ነው ወይስ በዛሬው ግምት?»

እንዲህ ያለ መተማመኛ በሌለበት የሚቀረን የዘመን አቆጣጠሩን ማወቅ ነው። የኤንቪዲያ ትውልዶች በግምት በየሁለት ዓመቱ ይመጣሉ፤ የ10 ተከታታይ በ2016፣ የ20 በ2018፣ የ30 በ2020፣ የ40 በ2022፣ የ50 በ2025 መጀመሪያ። በመሀል ደግሞ «ሱፐር» የሚሉት ማሻሻያ ብቅ ይላል፤ በጁላይ 2019 እና በጃንዋሪ 2024 እንደሆነው። ሁለት ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ትውልድ በሙሉ ዋጋ እንዲገዛላችሁ ዘመድ አታስጨንቁ። የተገዛ ዕለት ደግሞ ደረሰኙን በፎቶ አስልኩ፤ የሱቁን የመመለሻ ቀን ጠይቃችሁ ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። ሳጥኑን ሻንጣው ካልቻለ እዚያው ይቀመጥ፤ አይጣል።

አሁን ያ የቀረው ሐፍረት። 12 ጊጋባይቱን ካርድ ገጥሜ ሥራዬን ስቀጥል፣ ስለ ስቴፕ-አፕ የነገረኝ ያው ወንድም አጠገቤ ተቀምጦ ኮዱን አየ። «ባችህ ስንት ነበር?» አለኝ። የገባሁበትን ዓመት የጠየቀኝ መስሎኝ ነገርኩት። ሳቀ። የጠየቀኝ ካርዱ በአንድ ጊዜ ስንት ፎቶ እንደሚያነሣ ነው። 64 ነበር፤ ከሆነ ቦታ ገልብጬ ያስቀመጥኩት ቁጥር።

ሒሳቡን ወረቀት ላይ ሠራልኝ። የተጠቀምኩበት ሬዝኔት-50 ወደ 25 ሚሊዮን የሚሆኑ የሚማሩ ቁጥሮች አሉት። በተለመደው አሠራር ሲሠለጥን ለእያንዳንዱ 16 ባይት ይበቃል፤ ለቁጥሩ ራሱ 4፣ ለግሬዲየንቱ 4፣ አዳም የተባለው ዘዴ ለሚይዛቸው ሁለት መዝገቦች 8። በጠቅላላው ወደ 400 ሜጋባይት ነው። ከ6 ጊጋባይት ውስጥ ይህ ምንም አይደለም። የቀረውን የሞላው የ64ቱ ፎቶዎች መካከለኛ ውጤት ነበር፤ እሱ ደግሞ ከባቹ ጋር እኩል ይወጣል ይወርዳል። ባቹን 16 ባደርገው፣ ወይም በ32 ቢት ፈንታ በ16 ቢት ባሠለጥን፣ ወንድሜ የላከው ካርድ ይበቃኝ ነበር። ካርድ ከመገዛቱ በፊትም ጎግል ኮላብ ላይ በነፃ በሚገኘው ባለ 16 ጊጋባይት ካርድ አስነሥቼ ምን ያህል ሜሞሪ እንደሚወስድ ማየት እችል ነበር።

ለወንድሜ ነገርኩት። ትንሽ ዝም አለና «በል ተወው፤ ፕሮጀክቱ አለቀ?» ብቻ አለኝ። አልቋል፤ አልሐምዱሊላህ።

ካርድ ሊያስልክ ወይም ያለውን ሊለውጥ ያሰበ ካለ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ከዐስር ሶላት በኋላ መስጂዱ በር ላይ ታገኙኛላችሁ። ኮዳችሁን በፍላሽ ይዛችሁ ኑ፤ ስንት ጊጋባይት እንደሚፈልግ አብረን እንለካዋለን። ዘመድ ጋ የሚደወለው ከዚያ በኋላ ይሁን።